ትልቅ ዲናሞ ከመግዛትህ በፊት የመኪናውን ማሳ ፈትሽ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጅማ ነው የምኖረው። ከአባቴ የተረከብኩት የ1994 እ.ኤ.አ. ላንድክሩዘር 80 አለኝ፤ ናፍጣ ነው፣ ዋን ኤችዜድ ሞተር። በቡና ወቅት በአጋሮ መስመር እሸት ቡና እየሰበሰብኩ የምመለሰው ማታ ነው፤ የፊት መብራቱ ግን ከሻማ አይሻልም። ጠዋት ቁልፍ ሳዞር አንዳንዴ ‹ቀጭ› ብሎ ዝም ይላል፤ ሦስት አራት ጊዜ ስሞክር ይነሳል። ሦስት ቀን ከቆመ ደግሞ ባትሪው ያልቃል። ጋራዥ ‹ዲናሞው አነስተኛ ነው፣ ትልቅ ግዛ› አሉኝ። እኔ ደግሞ ኤልኢዲ ባር (ረጅም ተጨማሪ የፊት መብራት)፣ ቡና ስንመዝን ሚዛኑን የሚያሳይ የኋላ መብራትና ቤት መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል 1,000 ዋት ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይር) መግጠም እፈልጋለሁ። ሥራውን በራሴ እጅ ልሠራው ነው፤ ከየት ልጀምር?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ አሁን አትግዛ። የዘረዘርካቸውን ሦስት ችግሮች ደጋግሜ አነበብኳቸው፤ አንዳቸውም «ዲናሞው አነሰ» አያሰኙም። ዲናሞው ያነሰ መኪና የሚደክመው ማታ መብራት፣ ዋይፐርና ማራገቢያ አብሮ ሲሠራ፣ እየሄደ ሳለ ነው። ያንተ ሁለቱ ችግሮች የሚታዩት ቆሞ ካደረ በኋላ ነው፤ የመብራቱ ድካምም ከሽቦው ሊሆን ይችላል። ሠላሳ ዓመት የሠራ መኪና፣ ያውም እንደ ጅማ ባለ ዝናብ የማይጠፋበት አገር፣ ኃይሉ ባትሪው ላይ እያለ ሞተሪኖውና (ሞተሩን የሚያስነሳው) መብራቱ ዘንድ አይደርስም። በዛገ ብሎን፣ በላላ ተርሚናልና ውስጡ በጠቆረ ሽቦ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በዚህ ላይ ባርና ኢንቨርተር መጨመር የሚያፈስ ቧንቧ ሳይጠግኑ ትልቅ ፖምፓ መግጠም ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትገዛው ዕቃ ቴስተር (የቮልትና የአምፔር መለኪያ) ይሁን። ርካሹ ዲጂታል ቴስተር ለዚህ ሥራ ይበቃል። ከእሱ ጋር የሽቦ ብሩሽ፣ የብርጭቆ ወረቀትና ከ8 እስከ 14 ቁጥር ቁልፎች ካሉህ ግማሹን ሥራ ጨረስክ።

ጠዋት ቁልፍ ሳታዞር፣ በር እንኳ ብዙ ሳትከፍት፣ የባትሪውን ቮልት ለካ። 12.6 አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ገደማ ነው፤ ከ12 በታች ከወረደ ባትሪው ሊያልቅ የደረሰ ነው፣ በዚያ ሁኔታ ቀጥሎ የምታደርገው ልኬት ሁሉ ያሳስትሃል። አስሞልተህ ተመለስ። መኪናህ ሁለት ባትሪ ካለው ሽቦአቸውን ፈትተህ ለየብቻ ለካቸው። የደከመው ጤነኛውን ሌሊቱን ሙሉ ሲጠባው ያድራል፤ ብዙ ሰው አንዱን ብቻ ቀይሮ በስድስት ወር ሁለተኛውንም የሚያጣው ለዚህ ነው። ሲቀየሩ ሁለቱም አንድ ቀን፣ አንድ ዓይነት፣ አንድ መጠን ይሁኑ። ከቶዮታ ናፍጣዎች አንዳንዶቹ በ24 ቮልት የሚነሱ ስለሆኑ ምንም ዕቃ ከመግዛትህ በፊት የራስህ 12 መሆኑን በቴስተር አረጋግጥ።

ባትሪው ደህና ከሆነ ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አንድ ትልቅ ናፍጣ ሞተር ሲነሳ ሞተሪኖው በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይስባል። 400 አምፔር እንበል። ኃይሉ በሚያልፍበት መስመር ላይ አንድ ሺህኛ ኦም ብቻ የሚሆን ዝገት ቢኖር 0.4 ቮልት እዚያ ይቀራል። እንዲህ ዓይነት ቦታ አራት ቢሆኑ 1.6 ቮልት ጠፋ ማለት ነው፤ ሞተሪኖውም ያቃስታል። አንድ ሺህኛ ኦምን የቴስተርህ የኦም መለኪያ አያየውም። ማሳ የምንለው ኃይሉ በሞተርና በቦዲ ብረት ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበትን መንገድ ነው፤ በኦም ለክተህ «ማሳው ደህና ነው» ማለት ዋጋ የሌለው ለዚህ ነው። ማሳ የሚለካው ኃይል እየሄደበት ሳለ በቮልት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቁልፍ የሚያዞርልህ አንድ ሰው ብቻ ያስፈልግሃል። ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርግ። አንዱን ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ አሳርፍ፤ በተርሚናሉ ላይ ሳይሆን በእርሳሱ ራስ ላይ። ሌላውን ጫፍ ንጹሕ የሞተር ብረት ላይ ያዝ። ጓደኛህ ሲያስነሳ ቁጥሩን አንብብ። እስከ 0.2፣ ቢበዛ 0.3 ቮልት ድረስ ተቀባይነት አለው። 0.8 ወይም 1 ቮልት ካየህ ችግርህ እዚያ ነው፤ ተርሚናሉን ዘለህ፣ ከዚያ ገመዱን ዘለህ፣ አንድ በአንድ እየጠበብክ ሂድ፤ ቁጥሩ በአንዴ የሚዘልበት ቦታ ነው የታመመው። ከዚያ የፖዘቲቩን መስመር በዚሁ መንገድ፦ አንዱ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ራስ፣ ሌላው በሞተሪኖው ወፍራም ብሎን ላይ። ሦስተኛ ደግሞ የፊት መብራት በርቶ ሳለ ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ቦዲው። በዚህ ልኬት ላይ ግማሽ ሰዓት የሚያጠፋ ሰው ሳያስፈልገው ዲናሞ፣ ባትሪና ሞተሪኖ ከመግዛት ይድናል። ይህን የምለው እኔም በወጣትነቴ ሳልለካ ብዙ ጤነኛ ዕቃ ስለፈታሁ ነው።

የታመመውን ስታገኝ ለማጽዳት ጥቂት ሥርዓት አለ። ቀለበትና ሰዓት አውልቅ። ከባትሪው መጀመሪያ የሚፈታው ኔጌቲቩ ነው፤ ስትመልስም መጨረሻ የሚታሰረው እሱ ነው። ይህን ከተከተልክ ቁልፍህ ቦዲ ቢነካ እሳት አይፈጥርም። ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ያበቀለውን ተርሚናል በሙቅ ውኃና በቤኪንግ ሶዳ እጠብ፤ ዓይንህን ጠብቅ፣ ሲጋራም አጠገብህ አይምጣ፤ ባትሪ የሚያወጣው ጋዝ ይፈነዳል። ማሳው ከሞተር ወደ ቦዲ የሚሄድበትን ገመድ ፈልግ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። ብሎኑን ፍታ፣ ቀለሙንና ዝገቱን ነጭ ብረት እስኪታይ ፋቅ፣ አጥብቀህ እሰር፣ ከዚያ በኋላ ነው ከላይ ቫዝሊን ወይም ግራሶ የምትቀባው። መጀመሪያ ግራሶ ቀብቶ ማሰር ስሕተት ነው፤ ብረትና ብረት መነካካት አለባቸው፣ ግራሶው ዝናቡን ለመመከት ብቻ ነው። የገመዱ ጫፍ ላይ ላስቲኩ ያበጠ ወይም የጠጠረ ከሆነ ቁረጥና ተመልከት፤ ውስጡ ጥቁር ከሆነ ገመዱን ቀይር። አዲስ ስትገዛ አንዷን ክር በምላጭ ፋቅ፤ ውስጧ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ መልስላቸው።

አሁን ስለ «ቀጭ»። የፊት መብራቱን አብርተህ ቁልፍ አዙር። «ቀጭ» ሲል መብራቱ ክፉኛ ከደከመ፣ ባትሪው ወይም ከላይ ያልኩህ መንገድ ነው። መብራቱ እንዳለ ከቀረና ሞተሪኖው ዝም ካለ ግን ችግሩ ብዙ ጊዜ ሞተሪኖው ውስጥ ነው፤ እኔ የምጠረጥረው ይህንኛውን ነው፣ «ሦስት አራት ጊዜ ስሞክር ይነሳል» ያልከው ስለዚህ ነው። ለማረጋገጥ ወደ ሞተሪኖው የምትመጣውን ቀጭን ሽቦ ቁልፉ ዞሮ ሳለ ለካት። 11 ምናምን እየደረሳት «ቀጭ» ብቻ ከሆነ፣ ውስጥ ያሉት ሁለት የመዳብ መገናኛዎች አልቀዋል። ቶዮታ ላይ የሚገኘው የዴንሶ ሞተሪኖ የታወቀ በሽታው ይህ ነው። ሦስት ትናንሽ ብሎን የያዙትን ክዳን ፈትተህ ስታይ ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ መዳቦች ታገኛለህ፤ አንደኛው ከሌላው ይልቅ ተበልቶ ይገኛል። መሐሉን የሚነካው ክብ መዳብም ከተቆፈረ አብሮ ይቀየራል። ሞተሪኖውን ሙሉ መቀየር አያስፈልግም። ሽቦዋ ላይ 7 ወይም 8 ቮልት ብቻ ከደረሰ ደግሞ ሞተሪኖህ ጤነኛ ነው፤ የቁልፉ ቤት ወይም ሽቦው ነው የደከመው፣ ያም በአንዲት ሪሌይ (በትንሽ ኃይል ትልቅ ኃይል የሚያበራ ማብሪያ) ይፈታል።

ሦስት ቀን ቆሞ የሚያልቀው ባትሪ የተለየ ጉዳይ ነው። መኪናው ጠፍቶ፣ በሮቹ ተዘግተው ሳለ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትተህ ቴስተሩን በ10 አምፔር ቦታ አድርገህ በባትሪው ራስና በተፈታው ገመድ መሐል አስገባ። እንደዚህ ታስሮ ሳለ በፍጹም ቁልፍ አታዙር፤ ቴስተሩ ይቃጠላል። 0.05 አምፔር አካባቢ ከሆነ ደህና ነው። 0.5 ካየህ በቀን 12 አምፔር ሰዓት እየጠፋብህ ነው፤ 70 አምፔር ሰዓት ያለው፣ ያውም ያረጀ ባትሪ፣ በሦስት ቀን ቢዳከም አይገርምም። ከዚያ ፊውዞችን አንድ በአንድ እየነቀልክ ቁጥሩ የሚወርድበትን ፈልግ። ልቤ የሚነግረኝን ልንገርህ፦ ቀድመህ አላርሙንና ቴፑን ተመልከት። በዚህ ዕድሜ ያለ መኪና አንድ ሦስት ጊዜ አላርም ተገጥሞለታል፤ አዲሱ ሲገባ አሮጌው ሽቦ ተጠምዝዞ፣ ናስትሮ ተለብጦ ዳሽቦርድ ሥር ይቀራል። በሙቀት ናስትሮው ሙጫው ይቀልጣል፣ ይላላል፣ ከዚያ እርጥበት ይገባዋል። የማያስፈልገውን ሁሉ እየተከተልክ ከሥሩ አውጣ፤ ቆርጠህ አትተወው። ቢጫ ሽፋን ያለው ሽቦ ካየህ ግን አትንካው፤ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከተሠሩት 80ዎች ኤርባግ ያላቸው አሉ፣ ያንተ ስሪት ባይሆንም ልማዱ ይኑርህ።

አሁን ወደ መብራቱ። የምትጓጓለት ባር ሳይሆን ያለህ መብራት ነው መጀመሪያ መዳን ያለበት። የአምፖል ብርሃን ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም፤ ቮልቱ በአሥር በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በሠላሳ በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ሞተሩ እየሠራ ባትሪህ ላይ 14 ቮልት ሆኖ አምፖሉ እግር ላይ 11.5 ብቻ ቢደርስ፣ የጠፋብህ ግማሽ ብርሃን ገደማ ነው። መብራቱ በርቶ ሳለ አምፖሉ እግር ላይ ለካ፤ ከባትሪው ጋር ያለው ልዩነት ከግማሽ ቮልት ካለፈ ሪሌይ ያለው አዲስ መስመር ሥራለት። ኤች4 የሚባለው የፊት አምፖል በረጅሙ 60፣ በአጭሩ 55 ዋት ነው፤ የግራውና የቀኙ ሲደመሩ 10 አምፔር ገደማ ይስባሉ። ይህ ሁሉ በሠላሳ ዓመት ማብሪያና በረጅም ቀጭን ሽቦ ነው የሚዞረው። በሪሌይ ሲሆን በማብሪያው በኩል የሚያልፈው ሁለት አሥረኛ አምፔር ገደማ ብቻ ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው፣ መካኒክም ጭምር፣ የሚስትበት ነገር አለ። የዚህ ላንድክሩዘር የፊት መብራት የሚጠፋውና የሚበራው በኔጌቲቩ በኩል ነው። ፖዘቲቩ በጋራ እግሩ ላይ ይደርሳል፤ ማብሪያው የአጭሩን ወይም የረጅሙን እግር ከማሳ ጋር ያገናኛል። ለሌላ መኪና የተዘጋጀ የሪሌይ ሽቦ ገዝቶ እንዳለ የሚሰካ ሰው መብራቱ እንግዳ ሲሆንበት መኪናውን ይራገማል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የሪሌዩን ማግኔት አምፖሉ በነበረበት ቦታ አስቀምጠው፤ ከዚህ በታች የምጠራቸው 85፣ 86፣ 30 እና 87 በሪሌዩ እግሮች ላይ የተጻፉ ቁጥሮች ናቸው፣ 85 እና 86 የማግኔቱ ናቸው። ከድሮው ሶኬት የጋራውን እግር ወደ 86፣ የአጭሩን እግር ወደ 85 ውሰድ፤ ለረጅሙ ሁለተኛ ሪሌይ በዚሁ መንገድ። እንዲህ ከታሰረ ማብሪያው በየትኛው በኩል ቢሠራ ግድ የለውም። ከዚያ አዲሱን ኃይል ከባትሪ በፊውዝ ወደ 30፣ ከ87 ወደ አምፖሉ የአጭር ወይም የረጅም እግር፣ የአምፖሉን የጋራ እግር ወደ ጥሩ ማሳ። ለግራና ለቀኝ የተለያየ የ15 አምፔር ፊውዝ አድርግ፤ አንዱ ቢቃጠል በጨለማ ሁለቱንም አታጣም።

ሽቦውን ከጅማው ሄርማታ መርካቶ ስትገዛ የቤት ሽቦ አትቀበል። የቤት ሽቦ አንድ ወፍራም ክር ነው፤ በአጋሮ መንገድ ንዝረት ይሰበራል፣ ስብራቱም ላስቲኩ ውስጥ ስለሚደበቅ ፈልገህ አታገኘውም። ለመብራቱ ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው 2.5 ሚሊሜትር ካሬ ይበቃል። ብረት በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ የላስቲክ ጎሚኒ አስገባ። መገናኛውን በፒንሳ ጨምቀህ፣ በሙቀት የሚኮማተር ፕላስቲክ አልብሰው።

ስለ ፊውዝ ደግሞ ቆም ብዬ ልናገር፤ ይህን ሳልነግርህ ባር እንድትገጥም አልፈልግም። ከባትሪ የሚነሳ ማንኛውም አዲስ ሽቦ ፊውዙ ከባትሪው በአንድ ስንዝር ርቀት ውስጥ ይሁን። ፊውዙ የሚጠብቀው ዕቃውን አይደለም፤ ሽቦውን ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ወደ ግቤ በረሃ ሲወርድ መኪናው ውስጥ ጭስ ሸቶት አቆመ። ለኋላ የድምፅ ማጉያ የተዘረጋ ወፍራም ሽቦ ነበር፤ ፊውዙ ማጉያው ዘንድ ነው የተቀመጠው። ሽቦው መሐል ላይ፣ በሩ ሥር፣ ብረት ፈግፍጎት ላስቲኩን በልቶት ነበር። ባትሪው በሙሉ ኃይሉ በዚያች ነጥብ ላይ ፈሰሰ፤ ምንጣፉ ተቃጠለ፤ ሰውዬው ባትሪውን በፍጥነት ባይፈታ ኖሮ መኪናው ይጠፋ ነበር። ያ መኪና እኔ ዘንድ ተጭኖ ሲመጣ ያየሁት ሽቦ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።

የፊት መብራቱ ከታከመ በኋላ መስታወቱን አጽዳና ከኋላው ያለውን አንጸባራቂ ተመልከት። ውስጡ ዝጎ ቢጫ ከሆነ የትኛውም አምፖል አያድነውም፤ ፋኖሱን ቀይር። በኤች4 ፋኖስ ውስጥ ኤልኢዲ አምፖል መሰካትን አልመክርህም። አንጸባራቂው የተሠራው ለቀጭኗ የአምፖል ክር ቦታ ነው፤ ብርሃኑ ይበተንና ከፊት ለሚመጣው የባጃጅ ሾፌርና በመንገዱ ዳር ለሚሄድ ሰው ዕውርነት ይሆናል፤ በጭጋግ ውስጥ ደግሞ ተመልሶ አንተኑ ይወጋሃል።

ባሩ ያስፈልግሃል? ገጠር ውስጥ፣ ከአስፋልት ውጭ፣ አዎ። ግን ከረጅሙ መብራት ጋር አያይዘው፤ የባሩን ሪሌይ ማግኔት ከአዲሱ የረጅም መብራት 87 አስነሳው፣ በመሐል ትንሽ ማብሪያ አድርግበት። ያኔ ከፊትህ መኪና ሲመጣ ወደ አጭር ስትመልስ ባሩም አብሮ ይጠፋል፤ እጅህ ሁለት ቦታ አይፈልግም። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ዋት አትመን፤ በቴስተር አምፔሩን ለክተህ ፊውዙን በዚያ ምረጥ።

ለሚዛኑ የኋላ መብራት ግን ሙሉ ድጋፌ ነው፤ ከዕቅድህ ሁሉ የወደድኩት እሱን ነው። ገበሬው ቀኑን ሙሉ ለቅሞ እሸቱን የሚያመጣው ሲመሽ ነው፤ ሚዛኑ ላይ ያለውን ቁጥር ሁለታችሁም እኩል ብታዩት ክርክር አይኖርም። 20 ዋት ያለው ኤልኢዲ ከ2 አምፔር በታች ነው የሚስበው፤ ስድስት ሰዓት ቢበራ 10 አምፔር ሰዓት። ሞተር ሳታስነሳ በጤነኛ ባትሪ ትሠራበታለህ። ወደ ታች አዘንብለው፤ ገበሬውን ዓይኑ ላይ አታብራበት።

ኢንቨርተሩን ግን ተው። 1,000 ዋት ለማውጣት ከ12 ቮልት ባትሪ 100 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ለሞተር ማስነሻ የተሠራ ባትሪ ደግሞ ደጋግሞ መውረድ አይችልም፣ በጥቂት ወር ይሞታል። ለቤት መብራት መጥፋት መፍትሔው ቤት ውስጥ የሚቀመጥ የሶላር ባትሪ እንጂ መኪናህ አይደለም። ለላፕቶፕ ካስፈለገህ የ300 ዋት ትንሽ ይበቃሃል፤ እሱም 30 አምፔር ገደማ ስለሚስብ ባትሪው አጠገብ፣ በራሱ ፊውዝ ይሁን፤ ከሲጋራ ማቀጣጠያ ሶኬት አትውሰድለት።

ይህን ሁሉ ከጨረስክ በኋላ ነው ዲናሞውን የምንፈትሸው። ሞተሩን ትንሽ ከፍ አድርገህ መብራት፣ ማራገቢያ፣ ዋይፐርና አዲሱን ባር በአንዴ አብራ። ባትሪው ላይ ከ13.5 ቮልት በላይ ከቆመ ያለህ ዲናሞ ይበቃሃል። ከዚያ ከወረደ መጀመሪያ ቺንጋውን (ዲናሞውን የሚያዞረውን ቀበቶ) አጥብቅ፣ ከዲናሞው ወደ ባትሪ የሚሄደውን ወፍራም ሽቦ ከላይ በነገርኩህ መንገድ ለካ፣ የዲናሞውን የውስጥ ብሩሾች አሳይ። ከ14.8 በላይ ከወጣ ደግሞ የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ታሟል፤ ባትሪህን ቀቅሎ ይገድለዋል። ዲናሞውን ለማውረድ ከተገደድክ ከኋላው የቫኩም ፖምፓ እንዳለ አስቀድመህ እይ፤ ብዙ የቶዮታ ናፍጣዎች ፍሬን የሚያግዘውን ፖምፓ ዲናሞው ጀርባ ላይ ነው የሚይዙት፣ የዘይት ቱቦዎቹ በትክክል ካልተመለሱ ፍሬንህ ይደነድናል።

እባክህን፣ ማንም ሰው «ዲናሞው ይሠራ እንደሆነ እንይ» ብሎ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ተርሚናል እንዲነቅል አትፍቀድ። ይህ ልማድ ዛሬም አልጠፋም። ባትሪው የዲናሞውን ግፊት የሚያረጋጋ ነው፤ በድንገት ሲነቀል ቮልቱ ዘሎ የዲናሞውን ዳዮዶችና ሬጉሌተሩን ያቃጥላል። ጤነኛ ዲናሞ ይዞ ገብቶ የተበላሸ ይዞ የወጣ ሰው አውቃለሁ፤ ያኔም «አላልኩህም፣ ዲናሞው ነው» ተብሎ አዲስ አስገዙት።

ሥራውን በሁለት ቅዳሜ ክፈለው፤ የመጀመሪያው ለልኬትና ለማሳ፣ ሁለተኛው ለመብራቱ መስመር። ከመጀመሪያው ቅዳሜ በኋላ ሦስት ቁጥሮች ጻፍልኝ፦ ጠዋት ቆሞ ያደረው የባትሪ ቮልት፣ ሲነሳ ከኔጌቲቭ ራስ እስከ ሞተር ብረት ያነበብከው፣ መብራቱ በርቶ አምፖሉ እግር ላይ የደረሰው። የሞተሪኖውን መዳብ ከከፈትክ ደግሞ የትኛው ወገን እንደተበላ ጨምርልኝ።